ፎቶን የሚያይ ዓይን፣ ከአቶም ያነሰ ንዝረት የሚሰማ ጆሮ

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሞገድ፣ የኦፕቲክስና የዘመናዊ ፊዚክስ ኮርስ የወሰደ ሁሉ ያቺን ወረቀት ያውቃታል። ፈተና ሲቃረብ የምትሸመደደው፣ ቋሚ ቁጥሮች የተደረደሩባት ወረቀት ናት። የብርሃን ፍጥነት በሰከንድ 299,792,458 ሜትር። የፕላንክ ቋሚ 6.626 ሲባዛ በ10 ፓወር ነጌቲቭ 34፤ ማለትም ከነጥቡ በኋላ 33 ዜሮ ተደርድሮ ነው 6 ቁጥር የሚመጣው። ተማሪው ሁለቱንም ካልኩሌተር ላይ ይመታል፣ መልሱን ያሰምርበታል፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። አይፈረድበትም። ዜሮ ብቻውን ማንንም አያስደንቅም፤ ሠላሳ ዜሮና አርባ ዜሮ ለሚያነብ ሰው አንድ ናቸው። የሚያስደንቀው ቁጥሩ ከሰው እጅ፣ ከሰው ዓይንና ከሰው ጆሮ ጋር ሲገናኝ ነው። የሚገናኘው ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ብዙ ቦታ ላይ ነው።

ከእጅ እንጀምር። ማጫወቻው ከቤት የጠፋበት አሮጌ የሙዚቃ ሲዲ ዛሬም የብዙ ሰው መሳቢያ ውስጥ አለ። ሙዚቃው የተጻፈው ከመሃል ወደ ዳር በሚዞር አንድ ጠመዝማዛ መስመር ላይ ሲሆን፣ አንዱ ዙር ከሌላው የሚርቀው 1.6 ማይክሮሜትር ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ውስጥ 625 ዙር ይገባል ማለት ነው። ይህን ሲዲ ከነጭ ግድግዳ አንድ ሜትር አርቆ፣ የሚያብለጨልጭ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ማቆም ነው። ከዚያ ከግድግዳው አጠገብ ሆኖ ቀይ የሌዘር ጠቋሚ ቀጥ አድርጎ ማብራት። (ሌዘሩም ነጸብራቁም ዓይን ውስጥ እንዳይገባ!) ግድግዳው ላይ የሚመለሰው ነጥብ አንድ ብቻ አይሆንም፤ ከመሃለኛው ግራና ቀኝ ሌላ ቀይ ነጥብ ይወጣል። ከመሃለኛው እስከ ጎነኛው ያለውን ርቀት በልብስ ሰፊ ሜትር ብንለካው 44 ሴንቲሜትር ግድም ይመጣል።

ስሌቱ ሁለት መስመር አይሞላም። በአንድ ሜትር ርቀት ላይ 44 ሴንቲሜትር መራቅ 24 ዲግሪ ይሆናል። የ24 ዲግሪ ሳይን 0.407 ነው። ይህ በ1.6 ማይክሮሜትር ሲባዛ 0.65 ማይክሮሜትር፣ ማለትም 650 ናኖሜትር ይሰጣል። የቀይ ሌዘሩ የሞገድ ርዝመት ይኸው ነው። አንድ ሚሊሜትር ውስጥ ከ1,500 በላይ የሚደረደር ነገር በልብስ ሰፊ ሜትር ተለካ። በሲዲው ፋንታ ዲቪዲ ቢቆም፣ የዙሮቹ ርቀት 0.74 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ነጥቡ እስከ 1 ሜትር ከ84 ይሸሻል። መስመሩ በጠበበ ቁጥር ብርሃኑ ይሰፋል፤ እዚህ ላይ ማይክሮስኮፕ ሳይሆን ሰፊ ግድግዳ ነው የሚያስፈልገው።

ክረምት ላይ ነዳጅ ጠብ ካለበት እርጥብ አስፋልት ላይ የሚታየው ቀስተ ደመናም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ከነዳጁ የላይኛው ገጽ የሚመለስ ሞገድና ከሥሩ ካለው ውኃ የሚመለስ ሞገድ ይገናኛሉ፤ ጫፍ ከጫፍ ሲገጥም ቀለሙ ይደምቃል፣ ጫፍ ከጎድጓዳ ሲገጥም ይጠፋል። የትኛው ቀለም እንደሚተርፍ የሚወስነው የነዳጁ ውፍረት ነው። አንድ ቦታ ቀይ፣ ጥቂት ፈንጠር ብሎ አረንጓዴ ከታየ፣ በመሃላቸው ያለው የውፍረት ልዩነት ጥቂት አስር ናኖሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። መጠኑን ላስላው ያለ ሰው ደግሞ እንዲህ ይበል፦ 0.05 ሚሊሊትር የሆነች አንዲት ጠብታ በግማሽ ማይክሮሜትር ውፍረት ብትነጠፍ የካሬ ሜትር አንድ አስረኛን ትሸፍናለች። አንዲት ጠብታ ያን ሁሉ አስፋልት የምታስጌጠው ለዚህ ነው።

የብርሃን ሞገድ ርዝመት ይህን ያህል ካነሰ ድግግሞሹ የግድ ግዙፍ ይሆናል፤ ሁለቱ ሲባዙ ሁልጊዜ የሚሰጡት ያንኑ የብርሃን ፍጥነት ነውና። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ስንል፣ አንቴናው ውስጥ ኤሌክትሮኖች በሰከንድ 97.1 ሚሊዮን ጊዜ ይመላለሳሉ ማለታችን ነው፤ የሞገዱም ርዝመት 3 ሜትር ከ9 ሴንቲሜትር ይሆናል። አረንጓዴ ብርሃን ከዚህ የሬዲዮ ሞገድ በባሕርዩ አይለይም፤ የሚለየው ርዝመቱ 550 ናኖሜትር፣ ድግግሞሹ ደግሞ በሰከንድ 545 ትሪሊዮን በመሆኑ ነው። ቅጠል ላይ ለአንድ ሰከንድ ዓይናችንን ስናሳርፍ የገባውን ሞገድ፣ በሰከንድ አንድ እየተባለ ቢቆጠር 17 ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል። ድንቅነሽ ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሐዳር ላይ ቆጠራውን ጀምራ ዘሮቿ ሳያቋርጡ ቢቀጥሉት ኖሮ፣ ዛሬ አንድ አምስተኛው ላይ እንኳ አልደረስንም ነበር። ቆጠራው ለዚያች ለአንዲት ሰከንድ ብቻ ነው።

የዚህን የሚሮጥ ብርሃን ፍጥነት ያለ ኤሌክትሮኒክ ሰዓት የለካው ፈረንሳዊው ኢፖሊት ፊዞ ነው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1849። ለእኔ በዚህ ኮርስ ውስጥ ከፊዞ የሚበልጥ ብልሃተኛ የለም። ፓሪስ አቅራቢያ ሱሬን ላይ 720 ጥርስ ያለው ጎማ አቆመ፤ 8,633 ሜትር ርቆ ሞንማርትር ላይ ደግሞ መስተዋት። ብርሃኑ በሁለት ጥርሶች መካከል ሾልኮ ይሄዳል፣ ከመስተዋቱ ተመልሶ ይመጣል። ጎማው በዝግታ ሲዞር የተመለሰው ብርሃን በዚያው ክፍተት ያልፋል። ፍጥነቱ በሰከንድ 12.6 ዙር ሲደርስ ግን፣ ብርሃኑ ደርሶ እስኪመለስ የሚቀጥለው ጥርስ መጥቶ በሩን ይዘጋበታል፤ ከጎማው ጀርባ ቆሞ ለሚያይ ሰው ብርሃኑ ጥፍት ይላል። ከክፍተት ወደ ጥርስ ለመሻገር የፈጀው ጊዜ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ 55ቱ ብቻ ነው። ፊዞ ያገኘው መልስ በሰከንድ 313,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከምናውቀው ከአምስት በመቶ በታች ነው የሳተው። ጥርስ ቆጠረ፣ ዙር ቆጠረ፣ አካፈለ።

ያቺ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ዛሬ ስልካችን ውስጥ ገብታለች። በአንድ ማይክሮሰከንድ ብርሃን 300 ሜትር ይሄዳል። ከምድር በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰዓት፣ አንስታይን እንደተነበየው፣ ከምድር ሰዓት በቀን 38 ማይክሮሰከንድ ይቀድማል። ይህ ባይታረም ስሕተቱ በየቀኑ ወደ 11 ኪሎ ሜትር ይጠራቀማል። መስቀል አደባባይ ታክሲ የጠራ ሰው፣ በማግስቱ መኪናው ከከተማ ዳርቻ ሆኖ ደርሻለሁ ባለው ነበር።

እስከዚህ ብርሃንን ሞገድ ብቻ አድርገን ይዘነዋል። እ.ኤ.አ. በ1900 ማክስ ፕላንክ፣ በ1905 አልበርት አንስታይን ያመጡት ሐሳብ ግን ብርሃን የሚሰጠውም የሚቀበለውም በቁርጥራጭ ነው የሚል ነው። ቁርጥራጩ ፎቶን ይባላል። የአንዱ አረንጓዴ ፎቶን ጉልበት ያ የ33 ዜሮ ቁጥር ከድግግሞሹ ጋር ሲባዛ የሚገኝ ነው፤ 3.6 ሲባዛ በ10 ፓወር ነጌቲቭ 19 ጁል። በዚህ ሒሳብ አንድ ዋት አረንጓዴ ብርሃን በየሰከንዱ 2.8 ቢሊዮን ቢሊዮን ፎቶን ይረጫል። በሰከንድ አንድ እየተቆጠረ ቢሆን 88 ቢሊዮን ዓመት ይወስዳል፤ የዩኒቨርስ ጠቅላላ ዕድሜ ደግሞ 13.8 ቢሊዮን ነው።

እንዲህ ያለ የቁጥር ዶፍ ውስጥ አንዲት ፎቶን ምን ዋጋ አላት? መልሱን እ.ኤ.አ. በ1942 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሴሊግ ኼክት፣ ሳይመን ሽሌርና ሞሪስ ፒረን የሚባሉ ተመራማሪዎች አሳትመዋል። ተመርማሪዎቹም ራሳቸው ነበሩ። ዓይን ጨለማን እስኪለምድ ድረስ ጨለማ ክፍል ውስጥ ይቆያሉ። ከዚያ ለሰከንድ አንድ ሺህኛ ብልጭ የምትል ደካማ አረንጓዴ ብርሃን ትለቀቃለች፤ ተቀማጩ አየሁ ወይም አላየሁም ይላል። ብልጭታዋ እየደከመች፣ እየደከመች ትሄዳለች። መጨረሻ ላይ የተገኘው ወሰን ዓይን ላይ ከ54 እስከ 148 ፎቶን የሚያርፍበት ነው። ከዚህም ብዙው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ከፊሉ ከዓይን ፊት ይመለሳል፣ ከፊሉ ውስጥ ለውስጥ ይዋጣል፣ ከፊሉ ሬቲናን ዝም ብሎ ያልፋል። በእርግጥ ሥራ የሚሠሩት ከ5 እስከ 14 ፎቶኖች ብቻ ናቸው። እነዚህ ወደ 500 በሚጠጉ ብርሃን ተቀባይ ሴሎች ላይ ስለሚበተኑ፣ አንድ ሴል ሁለት የማግኘቱ ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። ስለዚህ አንዲቱ ሴል ለአንዲት ፎቶን መልስ ትሰጣለች። ፎቶን ደግሞ አይከፈልም፤ የግማሽ ፎቶን ብርሃን የሚባል የለም። ዓይናችን ተፈጥሮ ራሷ ያሰመረችው መስመር ላይ ደርሷል፤ ከዚያ ወዲያ መሻሻል የሚችልበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል።

በባዶ ዓይን ከሚታዩት ከዋክብት ደብዛዛዋ፣ ጨለማ በለመደ ዓይን ብሌን ውስጥ በሰከንድ ከአንድ ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ፎቶን ነው የምታስገባው። ከአንድ ዋቱ ብርሃን ቢሊዮን ቢሊዮን ጋር ሲተያይ ይህ ምንም ነው፤ ለዓይን ግን በቂ ነው። እንጦጦ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ ያሉት ሁለቱ ቴሌስኮፖች እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስተዋት አላቸው፤ ሰባት ሚሊሜትር ከተከፈተ ብሌን 20,000 ጊዜ የሚበልጥ ብርሃን ይሰበስባሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት፣ ጨረቃ በሌለችበት፣ ከከተማ መብራት ርቆ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው ግን ያለ ቴሌስኮፕ የአንድሮሜዳን ጋላክሲ እንደ ጉም ጠብታ ሊያየው ይችላል። ያ ብርሃን ከተነሣ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። አፋር ውስጥ ጎና ላይ የተገኙትን የድንጋይ መሣሪያዎች የሠሩት እጆች ድንጋይ ከድንጋይ እያጋጩ በነበረበት ዘመን አካባቢ የተነሣ ፎቶን፣ መንገድ ላይ ምንም ሳይነካው መጥቶ ሬቲና ላይ ያበቃል።

የፎቶን ነገር ግን አንድ የማይዋጥ ጣጣ አለው። እ.ኤ.አ. በ1909 ካምብሪጅ ውስጥ ወጣቱ ጄፍሪ ቴይለር የልብስ ስፌት መርፌ ጥላ ፎቶ አነሣ። ከመርፌው ጥላ ዳር የሚታዩት ጠቆር ነጣ ያሉ መስመሮች ሁለት ሞገዶች ሲደራረቡ የሚፈጠሩ ናቸው። ቴይለር ብርሃኑን በጠቆረ መስታወት እያፈነ፣ እያፈነ፣ ከአንድ ማይል ትንሽ ራቅ ብላ ከምትነድ ሻማ የሚደርሰውን ያህል እስኪሆን አደከመው። ፎቶው እስኪወጣ 2,000 ሰዓት ፈጀ፤ ወደ ሦስት ወር መሆኑ ነው። (እሱ በዚያ መሃል በጀልባ እየተንሸራሸረ ነበር ይባላል፤ ጥሩ ሙከራ እንዲህ ነው።) ይህን ያህል በደከመ ብርሃን ሣጥኑ ውስጥ በአንድ ጊዜ ከአንድ የሚበልጥ ፎቶን የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። መስመሮቹ ግን እንደ ወትሮው ጥርት ብለው ወጡ። አንዲት ፎቶን ብቻዋን አልፋ ከማን ጋር ተደራረበች? ኮርሱ ይህን ጥያቄ በቀመር ያልፈዋል፤ ቀመሩ ትክክል ነው፣ ጥያቄው ግን ቀመሩን አልፎ ይቀራል።

ሉዊ ደ ብሮይ እ.ኤ.አ. በ1924 የባሰውን አመጣው፦ ብርሃን ቅንጣት ከሆነ ቅንጣትም ሞገድ ይሁን አለ። ርዝመቱም የፕላንክ ቋሚ ለክብደትና ለፍጥነት ብዜት ሲካፈል ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላ ዴቪሰንና ገርመር የሚባሉ ተመራማሪዎች ኤሌክትሮን ኒኬል ክሪስታል ላይ ተኮሱ። የአቶሞቹ ረድፍ የሚራራቀው 0.215 ናኖሜትር ነው፤ ኤሌክትሮኖቹ ከወትሮው በዝተው የተመለሱት በ50 ዲግሪ ነበር። የ50 ዲግሪ ሳይን 0.766፤ በ0.215 ሲባዛ 0.165 ናኖሜትር። የደ ብሮይ ቀመር የሚሰጠው 0.167 ነው። ለሲዲው የሠራነው ያው ሁለት መስመር ስሌት፣ መስመሮቹ ሰባት ሺህ ጊዜ ጠበው፣ በብርሃን ፋንታ ቁስ ገብቶ፣ እንደገና ሠራ።

ታዲያ ሰውስ ሞገድ ነው? ቀመሩ ማንንም አይለይም። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራሰልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሲሮጥ አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 6.34 ሜትር ነበር። ክብደቱን 55 ኪሎ ብለን ብንይዝ የሞገድ ርዝመቱ 1.9 ሲባዛ በ10 ፓወር ነጌቲቭ 36 ሜትር ይመጣል። ከአንድ ፕሮቶን ስፋት ወደ 900 ቢሊዮን ቢሊዮን ጊዜ ያነሰ ማለት ነው። ይህን ሞገድ የሚበትን ወንፊት በዓለም ላይ የለም፤ ስለዚህ ቀነኒሳ መሙን ይዞ ይዞራል፣ ኤሌክትሮን ግን ይበተናል።

ወደ ጆሮ እንምጣ። ጤናማ ወጣት ጆሮ፣ 1,000 ሄርዝ የሆነ ድምፅ ሲሆን፣ በ20 ማይክሮፓስካል የግፊት ለውጥ ይሰማል። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊት 77,000 ፓስካል ግድም ነው፤ ጆሮ የሚለየው ከዚህ ውስጥ ከአራት ቢሊዮን አንዱን ያህል ነው። በዚያ መጠን አየሩ ወዲያና ወዲህ የሚነቃነቀው የሜትር መቶ ቢሊዮንኛ ብቻ ሲሆን፣ ይህም የሃይድሮጅን አቶም ስፋት አንድ አስረኛ ነው። ሌሊት ፀጥ ባለ ቤት ውስጥ የምንሰማቸው ድምፆች ከአቶም ብዙም የማይበልጡ ንቅናቄዎች ናቸው። ጆሮ ከዚህ ጥቂት ቢጎብዝ ኖሮ የአየር ሞለኪውሎች ራሳቸው ሲጋጩ የሚያሰሙት ሹክሹክታ አያስተኛንም ነበር። በሌላው ጫፍ ጆሮ የሚያሳምም ድምፅ የሚሸከመው ጉልበት ከዚህ ትሪሊዮን ጊዜ ይበልጣል፤ ሁለቱንም የምትችለው ያችው ታምቡር ናት።

ከጆሮ በላይ ስስ የሆነ መሣሪያ ሰው ለመሥራት ብዙ ደክሟል። የስበት ሞገድን የሚለካውና ላይጎ የሚባለው መሣሪያ አሜሪካ ውስጥ ሃንፎርድና ሊቪንግስተን ላይ ይገኛል፤ በሁለቱም ቦታ ቀጥ ባለ ማዕዘን የተዘረጉ አራት አራት ኪሎ ሜትር ክንዶች አሉት። አንድ የሌዘር ብርሃን ለሁለት ይከፈላል፣ ክንዶቹን ደርሶ ይመለሳል፣ ይደራረባል። አንዱ ክንድ ከሌላው ጥቂት ከረዘመ ድርብርቡ ይለወጣል፤ አስፋልቱ ላይ ቀለም የሚያወጣው ያው አሠራር ነው። ትልቁ ችግር ብርሃኑ ፎቶን መሆኑ ነው፤ ፎቶኖቹ እንደ ዝናብ ጠብታ በዘፈቀደ ስለሚወርዱ ብርሃኑ ራሱ ይርገበገባል። መድኃኒቱ ብዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ክንዶቹ ውስጥ ወደ 100 ኪሎ ዋት የሚደርስ ብርሃን ይመላለስ ነበር፤ በብዙ ፎቶን መካከል የአንዱ ወጣ ገባ ማለት ይዋጣል።

መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ከ50 ላይ፣ ክንዶቹ 4 ሲባዛ በ10 ፓወር ነጌቲቭ 18 ሜትር ተላወሱ። ከፕሮቶን ስፋት ከአራት መቶ አንዱ ገደማ ነው፤ ጆሮ ከሚሰማው ንቅናቄ 2.5 ሚሊዮን ጊዜ ያነሰ። የሁለቱ ቦታዎች ምዝገባ በ7 ሚሊሰከንድ ተቀዳደመ። ንዝረቱ ከ35 ተነሥቶ 250 ሄርዝ ደረሰ፣ በሰከንድ አንድ አምስተኛም አለቀ፤ ድግግሞሹ ያለ ምንም ለውጥ በድምፅ ማጉያ ቢለቀቅ ለጆሮ የሚሰማ ነው። የላኩት ከ1.3 ቢሊዮን ዓመት በፊት የተጋጩ ሁለት ብላክ ሆሎች ናቸው፤ አንዱ ፀሐይን 36 ጊዜ፣ ሌላው 29 ጊዜ ይመዝን ነበር፤ ተዋሕደው የቀረው 62 ነው። የጎደለው የሦስት ፀሐይ ክብደት በሙሉ የስበት ሞገድ ሆኖ ወጣ።

ያ ሞገድ በአሜሪካ ብቻ አላለፈም፤ ምድርን በሙሉ አቋርጧል። በዚያች ቅጽበት 1.7 ሜትር ቁመት ያለው ሰው ሁሉ፣ አዲስ አበባ ላይ ምሳ ሊበላ የተነሣውም ጭምር፣ በ10 ፓወር ነጌቲቭ 21 ሜትር ገደማ ተለጥጦ ተኮማትሯል። ለዚህ ልኬት ራይነር ቫይስ፣ ባሪ ባሪሽና ኪፕ ቶርን እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ከመቶ በላይ ተመሳሳይ ሞገዶች ተመዝግበዋል።